ያነሱትን ድንጋይ

አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ፣ አስፋልቱ ባለቀበት፣
ሰማዩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተራራው ላይ በተሰጣበት።
ዝናቡ አይዘንብም፣ አያባራም፤ በዌልስ እንዲህ ነው ልማዱ፣
ቆሞ ያስባል እንጂ አይቆርጥም ሆዱ።

ከካርዲፍ የመጣሁት ለሰባት ቀን ነው።
ይዤ የመጣሁትም እጅ፣ ሃያ ዓመት ስልክ ያነሳ፣
«እባክዎ ይጠብቁ» ብሎ፣ አስጠብቆ የረሳ።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አለ፤ ስሜ በጠመኔ ሰፍሯል፣
ሰኞ ሽንኩርት፣ ማክሰኞ ሽንት ቤት፣ ረቡዕ ካብ ይላል።
የጻፈችው ኢሉኔድ ናት። አሥራ አራት አፍ ከአንድ ድስት
ማጥገብ ምን እንደሚያሳርር የምታውቅ ሴት።

ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም። ሰጋቱራ ነው የሚነሰነሰው።
«ዓመት ቆይቶ አፈር ይሆናል» አለችኝ ማብሊ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣
ሳትስቅ፣ ቀብር እንደሚያስፈጽም ሰው፤
«ከዚያ ድንች። ከዚያ እንበላዋለን።»
ማታ ድንች ቀረበ።
በላሁ።

ረቡዕ ቴግዊን ወሰደኝ፣ በጎች ወዳፈረሱት ካብ።
ሲሚንቶ የለ፣ ጭቃ የለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ፣
ክብደት ክብደትን ተደግፎ።
ካብ ካብ ማድረግ የማውቀው ሰውን ነበር፣
ለዚያውም በስልክ፣ ደንበኛ ሲቆጣ።

«ያነሳሽውን ድንጋይ መልሰሽ አትጣይ» አለ፤
«ቦታ አለው። ፈልጊለት።»
ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ቃል አልወጣውም።
አንዱን አንስቼ ዞርኩ። ባገላብጠው ደርዝ የለው፣
ባስቀምጠው ይወዛወዛል፣ ብገፋው አይገባ፤
ጣቴ ተላጠ፣ ወገቤ ዛለ፣ ዓይኔ አነባ፣
እሱ ግን ሦስት ሲያኖር አንዱንም ደግሞ አላየው።

ሐሙስ ማታ ሸንጎ ነው። የበግ ቀንድ የያዘ ይናገራል፣
ያልያዘ ይሰማል፤ እንጨቱ ምድጃ ውስጥ ይንጣጣል።
እኔ ስለ ምድር፣ ስለ ፍቅር፣ ሰው ያለ ጌታ ስለሚኖርበት ዘዴ
ሊወራ መስሎኝ ደብተር ይዣለሁ።
የተወራው ከጓዳ ስለጠፋ ፎርማጆ ነው። አንድ ሙሉ ክብ። ማን በላው?
ቀጥሎ ሙቅ ውሃ። ማን ጨረሰው?

ዶሪያን ቀንዱን ይዞ ብዙ ዝም አለ፤ ኢሉኔድ ጣሪያ አየች።
ከኅዳር ወዲህ ሁለቱ ካብ ለካብ ናቸው፣
በአንድ ገበታ እየበሉ ጨው በሰው ይላላካሉ።
ይሄማ የኔ ፎቅ ደረጃ ነው አልኩ በልቤ፣
«የማን ብስክሌት ነው?» ተብሎ በወረቀት የሚጣሉበት።
ደስ አለኝ። ትንሽም አዘንኩ።

ቀንዱ እኔ ጋ ደረሰ። ከጠበቅኩት ይከብዳል።
«ፎርማጆውን የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩ።
«ማክሰኞ ሌሊት። ርቦኝ ነበር።»
ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልተቆጣ።
ኢሉኔድ ጻፈችና «ሙቅ ውሃ» አለች።

በጨለማው ኮሪደር ማብሊ እጅጌዬን ያዘች፦
«ግማሹን እኔ ነኝ። እንዳትናገሪ።»
በእርግጥ እኔ የቆረስኩት ግማሽ ክብ ነበር፤
ሙሉ ነው ሲሉ ለምን ዝም እንዳልኩ አላውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ ቦርሳዬን አዝዬ ስወርድ
ቴግዊን ካቡ ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት፣
የኔን ሁለት ክንድ ሲንድ። ሳይቆጣ፣ አንድ በአንድ፣
ድንጋዮቼን ሣር ላይ እየደረደረ፣
የታጠበ ሳህን ይመስል።

«ክፉ አልነበረም» አለ ቀና ሳይል፣
«ክረምት ግን መጥቶ ይጠይቀዋል።»
«ላግዝህ?»
«አውቶቡስሽስ?»
የሚቀጥለው የሚመጣው ማክሰኞ ነው።

ጠፍጣፋ፣ አንድ ጎኑ ሽበት ያለው፣
አንዱን አንስቼ ነበር፣ እንዲሁ፣ እጄ ባዶ እንዳይሆን።
ከታች፣ ከመታጠፊያው፣ ሞተር ተሰማ።
ቴግዊን አላየኝም፣ ወይም አይቶ ፊቱን አዞረ።
ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው።
ቦታውን እየፈለግኩ ነው።